ነፃው ትምህርት ለማን ተከፈተ?

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፣ ሞላሌ)



መጋቢት 2012 ዓ.ም በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም እንዲቀጥል ተደረገ። ስልክና ኔትወርክ ያለው ልጅ ተከታተለ፤ የሌለው ከበግ ኋላ ከረመ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነፃ ተከፈተ። መልካም ነው። ትምህርቱ ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ ቪዲዮም ይበዛበታል።

ሒሳብ የምንሠራ ሰዎች «ነፃ» ሲባል ወጪውን እንጠይቃለን። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ብዙ መቶ ሜጋባይት ሊበላ ይችላል። ያው ትምህርት በድምፅ ብቻ ቢሆን 30 ሜጋባይት ገደማ ይበቃዋል፤ በጽሑፍ ቢሆን ከዚያም እጅግ ያንሳል። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት መቋረጡንም አንረሳውም። በዚያ ጊዜ ያገለገለው አስቀድሞ ስልክ ላይ የተጫነው ብቻ ነው።

ሁሉን የሚያስገባ አሠራር ይቻላል ወይ ለሚል፣ ቴሌብርን እንመልከት። ስማርት ስልክ ያላት በመተግበሪያው፣ ባለ ቁልፍ ስልክ ያላት በ*127# ብር ትልካለች። አገልግሎቱ አንድ፣ በሩ ሁለት።

ዓይናቸው የማያይ እህቶቻችንንም እናስብ። ጽሑፍን ጮክ ብሎ የሚያነብ ስልክ አለ፤ በፎቶ የተላከ ማስታወሻ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል። ስለዚህ ማስታወሻ ፎቶ አንስተን ከምንልክ ብንተይበው ይሻላል። ለማትሰማዋም ቪዲዮው ከሥሩ ጽሑፍ ይኑረው። ይህ ውለታ አይደለም፤ አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም አጽድቃለች።

ስለዚህ ለማንኛውም የኢንተርኔት ሥልጠና ገንዘብ ከመመደባችን በፊት አራት ነገር እንጠይቅ፦ ከተጫነ በኋላ ያለ ኔትወርክ ይከፈታል? በአማርኛ ነው? የማታየውና የማትሰማው ይከታተሉታል? ስማርት ስልክ ለሌላት ምን ተዘጋጅቶላታል? መልሱንም ከአሠልጣኙ ብቻ አንቀበል። አንዱን ትምህርት በቅድሚያ በጣም ለሚከብዳት አባላችን ሰጥተን እንሞክረው። እርሷ ከተማረችበት ሌሎቻችን እንማርበታለን።

ደጋፊዎቻችንም ስንት ሴቶች ተመዘገቡ ብላችሁ ብቻ አትጠይቁን፤ ስንቶቹ ጨረሱ፣ ያቋረጡትስ ምን አስቀራቸው በሉን። በሪፖርታችን እንመልሳለን።