ስለ መጻሕፍት የመጀመሪያ እትም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ አሮጌ መጻሕፍት ለመናገርና አንዲት እናትን ይቅርታ ለመጠየቅ ነው።

ነገሩ የጀመረው በእንግሊዝኛ ትምህርት ነው። የቻርልስ ዲክንስን ታሪክ ስንማር፣ በእርሱ ዘመን ልብ ወለድ በየወሩ በቀጭን ክፍል እየታተመ ይሸጥ እንደ ነበረ ተረዳን። «ፒክዊክ ፔፐርስ» የተባለው መጽሐፉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1836 እስከ 1837 ድረስ እንዲህ ሆኖ ወጣ። የአንዱ ክፍል ዋጋ አንድ ሽልንግ ነበረ። በመጀመሪያ ገዢው ጥቂት ስለ ነበረ የታተመውም ጥቂት ነው፤ ወደ መጨረሻው ግን የአንዱ ክፍል ሽያጭ 40,000 ያህል ደረሰ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ዛሬ እንደ ዕንቍ ይፈለጋሉ።

ሁለተኛም ምክንያት አለ። ብዙ ሰዎች ክፍሎቹን ሁሉ ካሟሉ በኋላ ወደ ጠራዥ ይወስዱ ነበር። ጠራዡም ስሱን የወረቀት ሽፋንና የንግድ ማስታወቂያውን ገንጥሎ ይጥልና የቀረውን ባንድነት ይጠርዘዋል። ዛሬ ሰብሳቢዎች አጥብቀው የሚሹት ያንኑ የተጣለውን ሽፋን ነው፤ የመጀመሪያው አንባቢ መጽሐፉን በእጁ የያዘው እንደዚያ ሆኖ ነውና። ዲክንስ በ1870 ሲሞት በጅምር የተወው ልብ ወለድም ከታሰቡት 12 ክፍሎች 6ቱ ብቻ ታትመው ቀርተዋል።

ይህን ከተማርን በኋላ «የእኛስ አገር መጻሕፍት?» ብለን ጠየቅን። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ ሲሆን በ1900 ዓ.ም. በሮማ ታተመ። ኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም ቢታወቅም፣ በመጀመሪያው እትም ላይ ስሙ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበረ። ዛሬ ሁላችን የምንናገረው «ልብ ወለድ» የተባለ ቃል ከዚያ አርእስት የመጣ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው እትም ቢጠፋ ኖሮ የቃሉም የትውልድ ቦታ አብሮ በጠፋ ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በአገራችን የሚገኙትን መጻሕፍት ዘርዝረው በ1920 ዓ.ም. ካታሎግ አሳትመዋል። «አዲስ ዓለም» የተባለውን ልብ ወለዳቸውን በ1925 ዓ.ም. ባወጡ በሦስተኛው ዓመት ጠላት አገራችንን ወረረ፤ ቤት ሲቃጠልና ሲዘረፍ መጽሐፉም አብሮ ይጠፋ ነበር።

በዚህ ምክንያት በክፍላችን አንዲት መደርደሪያ አዘጋጅተን በልደታ ከሚገኙ ቤቶች አሮጌ መጻሕፍት መለመን ጀመርን። ከእናቶቻችን አንዷ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» የመጀመሪያ እትም በአደራ ሰጡን። መጽሐፉ የአባታቸው ነበረ። ወጋየሁ ንጋቱ ይህን ልብ ወለድ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ከፍሎ ከፍሎ ሲያነብ፣ አባታቸው መጽሐፉን ገልጠው ይከታተሉና ንባቡ ባቆመበት ቦታ ሁሉ በገጹ ዳር ቀኑን በእርሳስ ይጽፉ ነበር።

እኛ ግን መልካም የሠራን መስሎን መጽሐፉን ወደ ጠራዥ ወሰድነው። ጠራዡ አሮጌውን ሽፋን ጣለ፤ የገጾቹንም ዳር እኩል ለማድረግ በመቍረጫ ከረከመው። መጽሐፉ አምሮ ተመለሰ። እናቲቱ ተቀብለው ገለጥ ገለጥ አደረጉና «ልጆቼ፣ ማማሩስ አምሯል፤ የአባቴ ጽሕፈት ግን የት ሄደ?» አሉን። የምንመልሰው ቃል አጣን። የእንግሊዝ ጠራዦች ያደረጉትን በክፍል ተምረን፣ እኛው ራሳችን ደገምነው።

ስለዚህ ከስሕተታችን የተማርነውን ለእናንተ እናካፍላለን። አሮጌ መጽሐፍ ለቆራሌው በኪሎ ከመሸጡ በፊት የአርእስቱ ገጽ ይታይ፤ የታተመበት ዓመትና ማተሚያ ቤቱ የሚገኘው በዚያ ነው። «ሁለተኛ እትም» የሚል ቃል ካለበትም ከእርሱ በፊት ሌላ እንደ ነበረ ይታወቅ። የተቀደደ ሽፋን አይጣል፤ በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልሎ ከመጽሐፉ ጋር ይቀመጥ። የገጹ ዳር አይከርከም። በቤት ለማስቀመጥ ያልተመቸው ሰው፣ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ወመዘክር ወይም በ1955 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ዘንድ ሄዶ ይጠይቅ።

መጽሐፍ ለመሰብሰብ ባለጸጋ መሆን አያስፈልግም፤ ከመጣል በፊት ገልጦ ማየት ይበቃል።

እናታችን ዛሬ በመካከላችን ተቀምጠዋል። የጠፋውን ልንመልስልዎ አንችልም። ነገር ግን የሚያስታውሱትን ሁሉ እየነገሩን፣ አባትዎ ሬዲዮውን እንዴት ይከታተሉ እንደ ነበረ በንጹሕ ወረቀት ጽፈን በመጽሐፉ ውስጥ አኑረናል። ከእኛ በኋላ የሚመጡ ተማሪዎች ያነቡታል። ይቅርታዎን እንለምናለን።