የከዋክብት ጎተራ
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር



የመረጥሁት ርእስ የሰማይ ነገር ቢሆንም፣ አሳቡ ማንኛዋም የቤት እመቤት የምታውቀው ሒሳብ ነው፤ ይኸውም የገባው፣ የወጣውና የቀረው ስንት ነው? የሚል ነው።

ጋላክሲ ማለት በስበት ኀይል ተያይዘው በአንድነት የሚኖሩ የብዙ ቢሊዮን ከዋክብት ማኅበር ነው። ፀሐያችን ያለችበት ማኅበር ፍኖተ ሐሊብ ይባላል። ሌሊት ወደ ሰማይ ስንመለከት ዓይናችን የሚያርፈው በከዋክብቱ ላይ ነው። ነገር ግን በመካከላቸው ያለው ስፍራ ባዶ አይደለም፤ ጋዝና ትቢያ ተበትኖበታል፤ ጋዙም አብዛኛው ሃይድሮጅን ነው። ይህ ጋዝ ቀዝቅዞ ሲሰበሰብ ደመና ይሆናል፤ ደመናውም በገዛ ክብደቱ ወደ ውስጥ እየተጨመቀ ሲሄድ ኮከብ ይወለዳል። እንግዲህ ከዋክብቱን የተጋገረ እንጀራ ብንላቸው፣ ጋዙ በጎተራ ያለው እህል ነው። መሶቡን የከፈተ ሰው ትናንት የተጋገረውን ያያል፤ የነገውን ለማወቅ ግን ጎተራውን ማየት ያስፈልገዋል።

ታዲያ ይህ በዓይን የማይታይ ጎተራ እንዴት ይታያል? እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1944 ሆላንድ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለች፣ ሄንድሪክ ቫን ደ ሁልስት የተባለ ወጣት ተማሪ የሃይድሮጅን አቶም ርዝመቱ 21 ሳንቲሜትር የሆነ የራዲዮ ሞገድ እንደሚልክ በሒሳብ አመለከተ። በ1951 በአሜሪካ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሃሮልድ ኢወን የተባለ ሌላ ተማሪ፣ ከመምህሩ ከኤድዋርድ ፐርሰል ጋር ሆኖ፣ ከጣውላና ከመዳብ በተሠራ ቀንድ መሰል አንቴና ያንኑ ሞገድ ከሰማይ ተቀበለ።

ይሁን እንጂ ከዋክብት በሚወለዱበት ጥቅጥቅ ያለ ደመና ውስጥ የሃይድሮጅን አቶሞች ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመራሉ። እንዲህ የተጣመረው ሃይድሮጅን በቀዝቃዛ ስፍራ ድምፁ አይሰማም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ሊቃውንቱ አብሮት የሚገኘውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይከታተላሉ። ይህም ጋዝ በ1970 በኦሪዮን ደመና ውስጥ ተገኘ። ዛሬ በቺሌ አገር፣ በአታካማ በረሃ፣ በ5,000 ሜትር ከፍታ ላይ የተተከሉ 66 አንቴናዎች በእጅግ ሩቅ ጋላክሲዎች ያለውን ጋዝ ሳይቀር ይለካሉ።

ልኬቱም አንድ ትልቅ ጥያቄ አስነሣ። በጎረቤቶቻችን ጋላክሲዎች ያለው የተጣመረ ጋዝ፣ ከዋክብት አሁን በሚወለዱበት ፍጥነት ቢሠራበት፣ በ2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ያልቃል። ጋላክሲዎቹ ግን ከ10 ቢሊዮን ዓመት በላይ ኖረዋል። የሁለት ዓመት እህል ብቻ የያዘ ቤት ዐሥር ዓመት ሳይራብ ከኖረ፣ ከማሳው አዲስ እህል ሲገባለት ኖሯል ማለት ነው። ስለዚህ በጋላክሲዎች መካከል ካለው ሰፊ ስፍራ አዲስ ጋዝ በዝግታ ይገባላቸዋል ተብሎ ይታመናል።

ይህ ጉዳይ እኛንም ይነካናል። ፀሐያችን የተወለደችው ከ4.6 ቢሊዮን ዓመት በፊት ነው፤ ያን ጊዜ ፍኖተ ሐሊብ ብዙ ዘመን የኖረ ጋላክሲ ነበር። ጎተራው አስቀድሞ ባዶ ሆኖ ቢሆን፣ ፀሐይም ምድርም እኛም ባልኖርን ነበር።

ጋዝ ይገባል እንዳልን ሁሉ ይወጣልም። ከእኛ 12 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት በሚርቀው ኤም 82 በተባለው ጋላክሲ፣ ከዋክብት እጅግ በብዛት ስለሚወለዱና ታላላቆቹም ፈንድተው ስለሚሞቱ፣ ከዚያ የሚነሣው ነፋስ ጋዙን ወደ ውጭ ይጠርገዋል። ከመጠን ያለፈ ድግስ ጎተራን ያራቁታል እንደ ማለት ነው።

ብርሃን ለመድረስ ጊዜ ስለሚወስድበት፣ ሩቁን ማየት የጥንቱን ማየት ነው። ከ10 ቢሊዮን ዓመት በፊት ገደማ በታላላቅ ጋላክሲዎች ውስጥ ጋዙ ከጠቅላላው የጋዝና የከዋክብት ክብደት ከሲሶ እስከ ግማሽ ይደርስ ነበር፤ ዛሬ ግን እንደ እኛ ባሉት ጋላክሲዎች ዐሥር ከመቶ ያህል ነው። በዚያው ዘመን የከዋክብት ልደት ከዛሬው ዐሥር እጥፍ ያህል ነበር። እንግዲህ የጋላክሲ ወጣትነትና እርጅና የሚታወቀው በጎተራው ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ የሚገባው ጋዝ እጅግ ስስ ስለ ሆነ እስከ ዛሬ በሚገባ ተለክቶ አላለቀም። ሥራው ገና ሠራተኛ ይጠብቃል። የ21 ሳንቲሜትሩን ሞገድ አስቀድሞ በሒሳብ ያገኘው፣ በኋላም በጣውላ ቀንድ የሰማው ተማሪ መሆኑን አንርሳ። ዛሬ በክፍላችን የምንማረው ሒሳብና ፊዚክስም የዚሁ ሥራ መጀመሪያ ነው።