ማዳበሪያው እስኪደርስ በእጃችን ያለው
(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ ስኬታችን ብዙ ተነግሯል። እኔ ስለ አንድ ስህተቴ ልናገር። በሰኔ 2015 ዓ.ም. ማዳበሪያ በዘገየ ጊዜ የቀበሌዬ አርሶ አደሮች «እንዝራ ወይስ እንጠብቅ?» ብለው ጠየቁኝ። የተነገረኝን ይዤ «ጠብቁ፣ በዚህ ሳምንት ይገባል» አልኳቸው። አንዱ ሳምንት ሦስት ሆነ። ዘግይቶ የተዘራው ስንዴ ፍሬው ሳይሞላ ክረምቱ ወጣ። አምነው የጠበቁኝ ሰዎች ናቸው የተጎዱት።

ማዳበሪያችን ከባሕር ማዶ ተገዝቶ በመርከብ ይጫናል፤ ጅቡቲ ወደብ ይራገፋል፤ ከዚያ በባቡርና በከባድ መኪና ተጓጉዞ ዩኒየናችን መጋዘን ይደርሳል፤ በመጨረሻም ወደ መሠረታዊ ማኅበራት ይሰራጫል። ከዚህ መንገድ አንዱ ቢሰናከል የሚቆመው ሥራ የእኛ ነው። በየካቲት 2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የዓለም የማዳበሪያ ዋጋ እንዴት እንደናረ ሁላችንም በኪሳችን አይተነዋል።

በጦርነቱም በወደቡም ላይ ሥልጣን የለንም። በእጃችን ያለው ግን ቀላል አይደለም።

አንደኛ፣ ዘር ነው። የዲቃላ በቆሎ ዘር በየዓመቱ መግዛት ግድ ነው። የስንዴና የጤፍ ምርጥ ዘር ግን በጥንቃቄ ከተያዘ ለተከታታይ ዓመታት ያገለግላል። ከማሳው ደህናውን ለይቶ ማጨድ፣ በጥርስ ሲነከስ ቀጭ እስኪል ማድረቅ፣ አየር በማያስገባ ከረጢት ማስቀመጥ ነው። ከመዝራት በፊት 100 የስንዴ ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ማብቀል ይገባል፤ 85ና ከዚያ በላይ ከበቀለ ዘሩ ደህና ነው።

ሁለተኛ፣ አፈሩ ነው። ባቄላና አተር ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው በሥራቸው እባጭ ያጠራቅማሉ፤ ስንዴ በተራው ሲዘራበት ይጠቀማል። ኮምፖስትም አረንጓዴ ቅጠልና አረም ከሚገኝበት ከመስከረም ጀምሮ ይዘጋጅ። ኮምፖስት ማዳበሪያን ሙሉ በሙሉ ይተካል አልልም፤ ማዳበሪያ በዘገየ ዓመት ግን ባዶ እጅ አያስቀርም።

ሦስተኛ፣ ያለችውን አለማባከን ነው። ዩሪያን በሁለት ጊዜ ከፍለን፣ እርጥበት ባለበት አፈር እየሸፈንን እንስጥ። ሳይሸፈን መሬት ላይ የተበተነ ዩሪያ በከፊል ወደ አየር ይተናል።

በመጨረሻ ለዩኒየናችን አንድ ጥያቄ አለኝ። ከግንቦት ጀምሮ በመጋዘን ያለውም የሌለውም በየሳምንቱ በየማኅበሩ ደጃፍ ይለጠፍ። «ገና አልተጫነም» የሚለው ወሬ ቢመርም በጊዜው ከተሰማ አርሶ አደሩ ሰብሉን ይለውጣል፣ ማሳውን ይከፋፍላል፣ በያዘው ይዘራል። የተሳሳተ ተስፋ ግን ወቅቱን ያሳልፍበታል።

እኔም ዳግመኛ ሳላጣራ «ጠብቁ» ላልላችሁ ቃል እገባለሁ።