የሁለት ኢንች ልዩነት
(ከአንድ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሞዴል የሚገኝ ትምህርት)



በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የታወቀውን ላንካስተር የተባለ የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን በ1/72 መጠን መገጣጠም በብዙ አገሮች የተለመደ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ኤርፊክስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የዚህን አውሮፕላን ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1958 ለገበያ አቅርቧል። ነገሩ ከላይ ሲያዩት የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ይሁን እንጂ ነዳፊው በወረቀት ላይ የሠራውን ሞዴል ሠሪው በእጁ ይደግመዋል፤ ነዳፊው የሳተውንም አብሮ ሊስተው ይችላል። ስለዚህም ሥራው መሐንዲስን የሚመለከት ነው።

1/72 ማለት አንድ ኢንች ስድስት ጫማን ይወክላል ማለት ነው። ቁመቱ ስድስት ጫማ የሆነ አብራሪ በሞዴሉ ውስጥ አንድ ኢንች ይሆናል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ 31.09 ሜትር የነበረው ክንፍም 43 ሴንቲሜትር ያህል ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ሁሉም ነገር ግን በአንድ ልክ አያንስም። ርዝመት 72 ጊዜ ሲያንስ የገጽ ስፋት 5,184 ጊዜ፣ ይዘት ደግሞ 373,248 ጊዜ ያንሳል። ባዶውን 16.7 ቶን ያህል ይመዝን የነበረው አውሮፕላን በዚህ ስሌት 45 ግራም ብቻ ይሆናል። አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የሞዴሉ ፕላስቲክ ወደ እውነተኛው መጠን ቢመለስ 7.2 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ የአውሮፕላኑ ልባስ ግን ስስ የአሉሚኒየም ቅጠል ነበር። እንግዲህ ሞዴል ስለ ቅርጽ እውነቱን ሲናገር ስለ ጥንካሬና ስለ ክብደት ዝም ይላል።

ሠሪው ሥራውን የሚጀምረው ከውስጥ ነው። መቀመጫዎቹንና ጠረጴዛዎቹን ቀብቶ በየቦታቸው ካኖረ በኋላ፣ ግራና ቀኝ ሆኖ የተከፈለውን የአውሮፕላኑን ገላ በማጣበቂያ ይዘጋል። ማጣበቂያው ፕላስቲኩን አሟሙቶ ሁለቱን ወገን አንድ ስለሚያደርግ ከዚያ ወዲያ መክፈት የለም። ስለሆነም ጠንቃቃ ሠሪ ማጣበቂያ ሳይነካ ቁራጮቹን ደጋግሞ ያጋጥማል። በመጋጠሚያው ላይ ክፍተት ቢታይ በስቱኮ ይሞላል፤ ትርፉን በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል። ላንካስተር በሌሊት ይዘምት ስለነበር ሆዱ ጥቁር፣ ጀርባው አፈርማና አረንጓዴ ይቀባል።

ቀለሙ ደርቆ ሞዴሉ ሲገለበጥ ከአፍንጫው ሥር አንድ ትንሽ አራት ማዕዘን ይታያል። ይህ የአደጋ መውጫ በር ነው። ከሰባቱ የአውሮፕላኑ ሰዎች ከፊት ለሚሠሩት ለአምስቱ፣ የበረራ መሐንዲሱ ጭምር፣ ዋናው መውጫቸው ይኸው ነበር። ወደ ኋላው በር እንዳይሄዱ የክንፉ ዋና ተሸካሚ አግዳሚ ገላውን አቋርጦ ያልፋል፤ ወፍራም ልብስ የለበሰና ፓራሹት የታጠቀ ሰው በሚወድቅ አውሮፕላን ውስጥ በጨለማ ያንን መሻገር ነበረበት።

የበሩ ወርድ 22 ኢንች ነበር። ሃሊፋክስ በተባለው ሌላው የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ ላይ ግን 24 ኢንች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1943 በ19 ዓመቱ በቦምብ ጣዮች ጦር የጥናት ክፍል ሥራ የጀመረው ፍሪማን ዳይሰን፣ ከተመቱ አውሮፕላኖች በሕይወት የወጡትን ሰዎች ቁጥር ሲመረምር አንድ የሚያስደንግጥ ነገር አገኘ። ከሃሊፋክስ ከአራት ሰዎች አንዱ ያህል ሲተርፍ፣ አዲስና የተመሰገነ ከነበረው ከላንካስተር የሚተርፉት ከዚያ እጅግ ያንሱ ነበር። ዳይሰን በ1979 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እንደገለጸው፣ የበሩ መጥበብ ለዚህ ዋና ምክንያት ነበር። የሥራ ጓደኛው በሩ እንዲሰፋ ረጅም ጊዜ ተሟግቶ ቢፈቀድለትም፣ ፈቃዱ የመጣው ለብዙዎቹ ከረፈደ በኋላ ነው። በጠቅላላው በቦምብ ጣዮች ጦር ከተሰለፉት 125,000 ያህል የአየር ሰዎች 55,573 ሞተዋል። ቦምቡ በወረደባቸው ከተሞች ያለቀው ሕዝብ ደግሞ በሞዴሉ ላይ ምንም ምልክት የለውም።

ሁለት ኢንች በ1/72 መጠን 0.7 ሚሊሜትር ነው። ይህን ያህል ክፍተት ሞዴል ሠሪ በስቱኮ ደፍኖ ይረሳዋል፤ አይነቀፍበትምም። በንድፍ ወረቀት ላይም ቢሆን የአንድ መስመር መንሸራተት ያህል ነው። የላንካስተር ነዳፊዎች ስለ ክንፉ፣ ስለ አራቱ ሞተሮችና ስለ ቦምብ ማኖሪያው ብዙ ደክመው ግሩም አውሮፕላን አስገኝተዋል። በሩም በልኩ ተነድፎ፣ በልኩ ተሠርቶ፣ ከንድፉ ጋር ተመሳክሮ ያለፈ ነው። ጉድለቱ ከንድፉ አልነበረም፤ ፓራሹት ከታጠቀው ሰው ጋር አለመለካቱ ነው።

ስለዚህ ሞዴል የሚገጣጥም ሰው አንድ ኢንች ቁመት ያለውን የወታደር ምስል ወስዶ ስምንት ሚሊሜትር በማይሞላው በር ለማሳለፍ ቢሞክር፣ ከብዙ ስሌት የማይገኝ ነገር ይረዳል። የሕንፃ መውጫ፣ የፋብሪካ መሰላል ወይም የውኃ ጉድጓድ መክደኛ የሚነድፍ መሐንዲስም ማጣበቂያው ከመነካቱ በፊት ይህንኑ ቢያደርግ ይገባዋል። በንድፉ ላይ፣ በዚያው መጠን፣ ሸክሙን የተሸከመ ሰው ይሣል፤ ማለፍ አለማለፉም በዚያ ይታይ።