የመኪና ቁልፍ በሦስት ትውልድ እጅ
(በምሩቃን የመገናኘት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ስለ ትውልድ ልዩነት ተናገሪ ሲሉኝ «ስለ መኪና ይሁንልኝ» አልኳቸው። ሳቁ። እናንተም ሳቁ፤ ግን ትንሽ ታገሡኝ።

የመምህሮቻችን ትውልድ መኪና ሲገዛ ለዕድሜ ልክ ነበር። ቮልስዋገን፣ ፔጆ፣ ኋላ ደግሞ ዲኤክስ። በደርግ ዘመን ቤንዚን በኩፖን ሲታደል እንኳ ታጥባ፣ ተወልውላ፣ ልብስ ለብሳ ትቆም ነበር። ደግሞ የአንድ ሰው ብቻ አልነበረችም። ምጥ የያዛት ጎረቤት፣ ሙሽራ፣ ከክፍለ ሀገር የመጣ ዘመድ፣ የተማሪ ፍራሽ፣ ምን ያልጫነችው አለ? በየሰፈሩ «የዶክተሩ መኪና» ስትባል ግማሽ አምቡላንስ ነበረች።

እኛ አርባዎቹ ውስጥ ያለነው በዕቁብና በብድር ቪትዝ ገዛን፤ መኪና ለእኛ «ደረስኩ» ማለት ነበር። ወጪውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ እዚህ ላይ አልቆይም።

አሁን ያሉትን ኢንተርኖችና ሬዚደንቶች «መንጃ ፈቃድ አወጣችሁ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ብዙዎቹ «ምን ያደርግልኛል? ራይድ አለ፣ ፈረስ አለ» ይሏችኋል። ስንፍና ነው የምትሉ አላችሁ፤ እኔ አልስማማም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪናን ዋጋ ሰቀለው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። በሬዚደንት ደመወዝ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና? ተዉት እባካችሁ። ልጆቹ ከቦታ ቦታ መሄድንና መኪና መያዝን ለያይተው አዩ፤ እኛ ያልቻልነውን። ሌሊቱን ዲዩቲ አድሮ የኋላ ወንበር ላይ የሚያንቀላፋ ሬዚደንት፣ መሪ ይዞ ከሚያንቀላፋው የእኔ ዘመን ሐኪም ይሻላል።

አሁን ወደ መጣሁበት ልምጣ። ጉዳዬ ከእናንተ ጋር ነው፣ መምህሮቻችን፤ ድፍረት ከሆነ ይቅር በሉኝ። ግላኮማ የዳር እይታን ቀስ ብሎ፣ ሳያሳምም ይበላል። ሰውየው ከፊቱ ያለውን መኪና ታርጋ እያነበበ «ደህና አያለሁ» ይላል፤ እግረኛው ግን የሚገባበት ከዳር ነው። የዓይን ሞራ የጀመረው ሰው ማታ ከፊት የሚመጣ መብራት ያጥበረብረዋል። የእንቅልፍ ኪኒኑ አለ፣ ስኳር የሚያወርደው መድኃኒት አለ፣ አልዞር ያለው አንገት አለ። ይህን ሁሉ ያስተማራችሁን እናንተው ናችሁ እኮ! በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞተው ሰው አብዛኛው እግረኛ መሆኑን ደግሞ ድንገተኛ ክፍል የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

ቁልፉን አልሰጥም ማለት ግትርነት ብቻ አይመስለኝም። አንድ ጡረታ የወጡ ሐኪም ልጆቻቸው ነገሩን ሲያነሱባቸው «ታዲያ ለቅሶ ማን ያድርሰኝ?» አሏቸው። እውነታቸውን ነው። ዕድሩ አለ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ የጓደኛ ቤት አለ። ዕድሜ ልኩን ሌላውን ሲያደርስ የኖረ ሰው «አድርሱኝ» ማለት ይከብደዋል። ቁልፉን ተቀብለን በምትኩ ምንም ካልሰጠን፣ አባታችንን ከአደጋ አድነን ቤት ውስጥ ዘጋንበት ማለት ነው። ብቻውን የዋለ ሽማግሌ ምን እንደሚሆን ደግሞ በየተመላላሽ ክፍሉ እያየነው ነው።

ስለዚህ በአንድ ቀን አይሁን። መጀመሪያ የማታውን መንዳት ማስቀረት፤ ቀጥሎ ቀለበት መንገዱንና ከከተማ ውጭ ያለውን፤ ቀሪውን የዓይን ምርመራው ይወስነዋል። ልጆች፣ የታክሲውን ሒሳብ በየወሩ አስቀድማችሁ ስጡ፤ እንደ ውለታ ሳይሆን እንደ ቤንዚን ቁጠሩት። የልጅ ልጆች ደግሞ አፑን ጭነው ያሳዩ። ስማርት ስልክ የማይወድ ደውሎም መጥራት ይችላል።

የዓይንና የውስጥ ደዌ ባልደረቦቼ፣ ዕድሜው የገፋ ታካሚ ሲመጣ ስለ ግፊቱ እንደምትጠይቁ ሁሉ «ይነዳሉ ወይ? ማታስ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ካርዱ ላይ ጻፉት።

ዛሬ ከእራት በኋላ ሬዚደንቶቻችን በር ላይ ስልካቸውን ይዘው ይቆማሉ። መኪናዋን እዚሁ ማሳደር ለሚፈልግ ጥበቃዎቹን አነጋግረናል፤ ነገ ጠዋት መጥታችሁ ትወስዷታላችሁ።