ዲሹና ወርሃዊው ሂሳብ፦ የነጻና የክፍያ ቴሌቪዥን ፉክክር በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች



ዛሬ ወደዚህ አዳራሽ ስትመጡ የጅማን ጣሪያዎች ቀና ብላችሁ ተመልክታችሁ ከሆነ፣ ዲሾቹ ሁሉ አንድ አቅጣጫ እንዳልያዙ ታስተውላላችሁ። ወደ ምዕራብ የዞረው ናይልሳትን ይፈልጋል፤ ሳተላይቱ የሚገኘው በ7 ዲግሪ ምዕራብ ነውና። ወደ ምሥራቅ የዞረው ኢትዮሳትን፣ ማለትም በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ያለውን ሳተላይት ይከተላል። ከሁሉ ይበልጥ ወደ ሰማይ የተንጋለለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የዲኤስቲቪ ነው፤ የእርሱ ሳተላይት በ36 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ከጅማ አናት በላይ ለማለት በሚያስደፍር ስፍራ ይገኛልና። የዛሬው ንግግሬ ስለ እነዚህ ሦስት አቅጣጫዎች ነው። የትኛው ቤት ወደ የትኛው እንደዞረ ማወቅ ስለ ቤቱ ገቢ ብዙ ይነግረናል ብዬ አምናለሁ።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን በ1957 ዓ.ም. ሲጀምር ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም። እኔ ባደግሁበት በአጋሮ አካባቢ፣ ከዓመታት በኋላም ቢሆን፣ ቴሌቪዥን ማለት በረጅም እንጨት ጫፍ የታሰረ አንቴና፣ እርሱን የሚያዞር አንድ ልጅ፣ ከውስጥ ደግሞ «ተው፣ እዚያው ላይ አቁመው!» የሚል ድምፅ ነበር። የምድር ማሰራጫ ሞገድ ኮረብታ አያልፍም። ጎማ፣ ገራና ሊሙ ደግሞ የኮረብታና የጥላ ዛፍ አገር ናቸው። አንድ ማማ ተተክሎ ከተማውን ሲያዳርስ ከጀርባው ያለው ሸለቆ ያለ ምስል ይቀራል፤ ለሸለቆው ሲባል ሌላ ማማ መትከል ደግሞ ለጥቂት መቶ አባወራዎች የከተማውን ያህል ወጪ ማውጣት ነው። ሳተላይት ይህን ሂሳብ አያውቅም። በአገራችን የነጻና የክፍያ ቴሌቪዥን ፉክክር በምድር ማሰራጫ ሳይሆን በዲሽ ላይ የተካሄደው ስለዚህ ነው።

ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አባላት በጄኔቭ ስምምነት ከአናሎግ ወደ ዲጂታል የምድር ስርጭት ለመሸጋገር የቆረጡት ቀን ሰኔ 10 ቀን 2007 ዓ.ም. ነበር። ኢትዮጵያ ቀኑን ሳትደርስበት አለፈ። ኬንያ ግን በዚያው ዓመት የካቲት ላይ አናሎጉን ስትዘጋ ትልልቆቹ የግል ጣቢያዎች ለሦስት ሳምንት ገደማ ከስርጭት ወጡ። ጠቡ የተነሣው በቴክኒክ ምክንያት አልነበረም። በነጻ የሚታየው ጣቢያቸው በክፍያ ኩባንያዎች ሳጥን ውስጥ አልፎ ወደ ተመልካች እንዲደርስ ባለመፈለጋቸው ነበር። ሳጥኑን የያዘ በሩን ይይዛል።

የብሪታንያው ታሪክ ተቃራኒውን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረው የክፍያ የምድር ዲጂታል አገልግሎት ለእግር ኳስ መብት 315 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማምቶ በ2002 ወደቀ። በዚያው ዓመት ጥቅምት በቦታው የተተካው ፍሪቪው ወርሃዊ ክፍያ አይጠይቅም ነበር፤ ሳጥኑን አንድ ጊዜ መግዛት ይበቃል።

«አንድ ጊዜ መግዛት» የሚለውን ሐረግ ያዙልኝ፤ ወደ ቡናው ልመለስበት ነውና።

በአጋሮ ወይም በሊሙ ገነት ያለ ገበሬ ገንዘብ የሚያየው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የቀይ እሸት ለቀማና የደረቅ ቡና ሽያጭ ወቅት ነው። ክረምት ሲመጣ እጁ ያጥራል። ዲሽና ሪሲቨር የሚገዛው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ አንዴ ከተተከለ በኋላ ነሐሴ ላይ ማንም ሂሳብ አይጠይቀውም። የክፍያ ቴሌቪዥን ግን በየወሩ ይመጣል። ነጻው አገልግሎት በእነዚህ ከተሞች የበለጠው በርካሽነቱ ብቻ ሳይሆን የቡናን የቀን መቁጠሪያ በመምሰሉ ነው። በእኔ ግምት የገበያ ጥናት ባለሙያዎች ከአዲስ አበባ ሆነው የሚስቱት ይህንን ነው፤ ደመወዝተኛን ሲያስቡ ይውላሉና።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ሲመጣ በማስታወቂያ የሚተዳደር፣ ወደ አማርኛ የተመለሱ የውጭ ድራማዎችን በነጻ የሚያሳይ ጣቢያ ሆኖ ነው። የአገር ውስጥ የኪነ ጥበብ ሰዎች ተቃወሙ፤ ተመልካቹ ግን ሄደ። የክፍያው ወገን የሰጠው መልስ ዘግይቶም ቢሆን ብልህ ነበር፦ እ.ኤ.አ. በ2021 ዲኤስቲቪ የአማርኛ ጣቢያ ከፈተና ስሙን «አቦል» አለው። (የቡና አገር ሰው እንደመሆኔ ፈገግ ሳልል አላለፍሁም። በእኛ ሰፈር አቦል ጎረቤት ተጠርቶ የሚቀዳ ነው፤ ሂሳብ ሲጠየቅበት አላየሁም።) ነጻው ፉክክር የክፍያውን አገልግሎት አማርኛ አናገረው። የአጋሮ ገበያ የሚናገረው ግን በአብዛኛው አፋን ኦሮሞ ነው፤ በዚህ ቋንቋ ኦቢኤንን የመሰለ ጣቢያ በነጻ እያለ የአማርኛ ድራማ ለመክፈል ምን ያህል ያጓጓል? ይህን ጥናት ከእናንተ መካከል አንዱ ቢሠራው ደስ ይለኛል።

የክፍያው ወገን እውነተኛ ጉልበት ያለው በእግር ኳስ ነው። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። በ2013 የውድድር ዘመን ሊጉ ወደ ዲኤስቲቪ ገባ፤ ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች ሲካሄዱም አንዷ አስተናጋጅ ጅማ ነበረች። ይህ ለክለቦቹ ያመጣውን ጥቅም አላናንቅም፤ የስርጭት ገቢ የሚባል ነገር ማየት ጀመሩ፣ የምስሉም ጥራት ከቀድሞው ጋር አይወዳደርም። ይሁንና በስታዲየሙ አጥር አጠገብ የሚኖር ሰው በሰፈሩ የሚደረገውን ጨዋታ በቤቱ ለማየት ወርሃዊ ሂሳብ መክፈል ነበረበት።

ሕዝቡ መፍትሔውን ራሱ አበጀ፤ «ዲኤስቲቪ ቤት» የምንለውን። አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ስክሪን፣ በር ላይ ጥቂት ብር የሚሰበስብ ልጅ። ወርሃዊው ሂሳብ እዚያ ተሰንጥቆ በጨዋታ ይከፈላል፤ ገንዘብ በሌለበት ክረምትም ይቻላል። ግን ማን ይገባል? እዚያ አግዳሚ ላይ ሴት ተማሪዎቼን እምብዛም አላየሁም፤ ሽማግሌዎችንም እንዲሁ። ነጻ ቴሌቪዥን ቤት ውስጥ ያሰባሰበውን ተመልካች የክፍያው ቴሌቪዥን በዕድሜና በጾታ ለየው።

ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው ሕግ አገራዊ ጠቀሜታ አላቸው የተባሉ ውድድሮችን የያዘ የግል ባለመብት ምስሉን ለሕዝብ ማሰራጫው እንዲያጋራ ታስገድዳለች፤ የማስታወቂያው ገቢም ይከፈላል። ይህ ለእኛ እንዳለ ይሠራል አልልም። የእኛ ሊግ ገና የስርጭት ገቢ መቅመስ መጀመሩ ነው፤ ሁሉን ነጻ አድርጉ ብንል ክለቦቹን እንጎዳለን። ይሁን እንጂ የብሔራዊ ቡድኑን ጨዋታ፣ ከሊጉም በየሳምንቱ አንዱን፣ በነጻ ማየት የሚያስችል ድንጋጌ ገዢውን አያባርርም ብዬ አስባለሁ። ዲጂታል የምድር ስርጭት ተስፋፍቶ ወደ እነዚህ ኮረብታዎች ሲደርስ ደግሞ የሳጥኑ ጉዳይ ቀድሞ ይወሰን፤ ከክፍያ አገልግሎት ጋር ያልተቆራኘ፣ በቡና ሽያጭ ሰሞን አንድ ጊዜ ተገዝቶ የሚያበቃ ሳጥን መኖር አለበት።

 ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።