ከሰበቃ ስለሚገኝ ኤሌክትሪክ
(ለተማሪዎች ማኅበር አባሎች የተደረገ ንግግር)



በበጋ ማታ የናይለን ሹራብ ስናወልቅ የሚንጣጣው ድምፅ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ኤሌክትሪክ የሚለው ቃል ራሱ የተወለደው ግሪኮች አምበር ለተባለው ደረቅ ሙጫ ካወጡት ስም ነው፤ ሙጫው በጨርቅ ሲታሽ ገለባ ይስባልና።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 በአሜሪካ አገር፥ በጆርጂያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፥ ፕሮፌሰር ዦንግ ሊን ዋንግና ባልደረቦቻቸው ይህን ተራ ነገር መሣሪያ አደረጉት፤ ስሙንም ትራይቦኤሌክትሪክ ናኖጄኔሬተር አሉት። አሠራሩ እንዲህ ነው። ዓይነታቸው የተለያየ ሁለት ስስ ፕላስቲኮች ጀርባቸው በብረት ተለብጦ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ሲነካኩ አንደኛው ከሌላው ኤሌክትሮን ይነጥቃል። (ስለ አነጣጠቁ ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ።) ሲለያዩ በፕላስቲኩ ፊት የቀረው ሙል ከጀርባ ባለው ብረት ውስጥ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ይስባል ወይም ይገፋል፤ ሁለቱን ብረቶች በሽቦ ብናገናኛቸው ጅረት ይፈሳል። መልሰው ሲቀራረቡ ጅረቱ አቅጣጫውን ይለውጣል። እንግዲህ ኮቴም ቢሆን፥ ነፋስም ቢሆን፥ የደረት መነፋት እንኳ ኤሌክትሪክ ሊሰጥ ይችላል ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ አጨበጭባለሁ። ቅር የሚለኝ ማሳያው ነው። ሰው በእጁ መታ ሲያደርገው በመቶ የሚቆጠሩ ትናንሽ አምፖሎች ቦግ ይላሉ፤ ተመልካቹም ይደነቃል። ዳሩ ግን ቦግታ መለኪያ አይሆንም። ቮልቱ ብዙ፥ ሙሉ እጅግ ጥቂት ነው። በ1 ናኖፋራድ ኮንደንሰር ላይ 300 ቮልት ቢጠራቀም ጉልበቱ 0.045 ሚሊጁል ብቻ ነው።

ጫማችን ስልካችንን ይሞላል የሚባለውንም እናስላው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በረገጠ ቍጥር ተረከዙ 1 ሴንቲሜትር ቢወርድ ጠቅላላው ጉልበት 6 ጁል ያህል ነው። 15 ዋት ሰዓት የሚይዝ የስልክ ባትሪ 54,000 ጁል ይፈልጋል። ቅንጣት ሳይባክን እንኳ 9,000 እርምጃ! መሣሪያው በእውነት የሚመልሰው ደግሞ የዚያን ጥቂት ክፍል ነው።

ታዲያ ነገሩ ከንቱ ነው? አይደለም። የበሽተኛን አተነፋፈስ ወይም በድልድይ ላይ የሚያልፈውን መኪና ለሚከታተል መሣሪያ፥ ከንቅናቄው የሚገኘው ጅረት ራሱ ወሬ ነጋሪ ነው፤ ለመለካት ባትሪ አያሻውም። እዚህ ላይ ጥቂቱ ብዙ ነው። እንቅፋቱ መበላትና እርጥበት ነው። እርጥብ አየር ሙሉን ስለሚያሸሸው በክረምት ሹራባችን ዝም ይላል።

የማኅበራችን የፊዚክስ ተማሪዎች የአሉሚኒየም ወረቀትና የቴፍሎን ልባጥ ይዘን አንድ እንድንሠራ አሳስባለሁ። አምፖል አናበራበትም። ኮንደንሰር ላይ እናጠራቅመውና በአንድ ምት ስንት ሚሊጁል እንደሚገባ፥ አንድ ጊዜ በጥር፥ አንድ ጊዜ በሐምሌ ለክተን በዚሁ ጋዜጣ እናውጣው።